ዩ-ቦቶችን የጣላቸው ኢኒግማ ብቻ ነው?

ናፍጣና_ባትሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከቦች ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይደጋገማል። «እንግሊዞች የጀርመኖቹን የምስጢር መጻፊያ ማሽን የኢኒግማን ኮድ ሰበሩ፣ ጀርመኖች አበቃላቸው።» ለመስማት ደስ ይላል። ግን ጎዶሎ ነው። ዩ-ቦቶቹን፣ ማለትም የጀርመን ሰርጓጆችን፣ በዋናነት የጣላቸው አውሮፕላን ነው ባይ ነኝ። እስቲ ተከራከሩኝ።

ከመርከቡ ልጀምር። የያኔው ሰርጓጅ እንደ ዛሬው ኒውክሌር ሰርጓጅ ወራት ሙሉ ከውኃ በታች አይቆይም። አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ውኃ ላይ ነው። ሲቸግረው ይጠልቃል። ጀርመኖች በብዛት የሠሩትን ዓይነት 7ሲ እንውሰድ። 67 ሜትር ይረዝማል፤ ውስጡ ከ44 እስከ 52 ሰው ታጭቆ ይሄዳል። ውኃ ላይ በናፍጣ ሞተር በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ናፍጣ ሞተር ግን አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ሲጠልቅ ሞተሩ ይጠፋና በባትሪ ይነዳል። በባትሪ ቢበዛ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም ባትሪው እየተሟጠጠ። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ ቢሄድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ባትሪ መሙላት ግዴታው ነው።

አሁን ዒላማውን እዩት። የንግድ መርከቦች በጦር መርከብ ታጅበው በኮንቮይ ነው የሚሄዱት። ዘገምተኛ የሚባለው ኮንቮይ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የጠለቀ ሰርጓጅ ይህን ዘገምተኛ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሊከተል አይችልም። ለዚህ ነው የዩ-ቦቶቹ አዛዥ ካርል ዶኒትዝ ሰዎቹን ሌሊት፣ ውኃ ላይ፣ በመንጋ እንዲያጠቁ ያሠለጠናቸው። የዩ-99 አዛዥ ኦቶ ክሬችመር ጭራሽ ኮንቮዩ መሃል ገብቶ ነበር የሚተኩሰው። ቁመናው ዝቅ ያለ ስለሆነ በጨለማ አይታይም። ሰርጓጅን በድምፅ የሚፈልገው ሶናር ደግሞ የሚሠራው ለጠለቀ ነገር ነው።

ስለዚህ ዩ-ቦትን ለማሸነፍ ማስመጥ ግድ አይደለም። ውኃ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ማስገደድ በቂ ነው። ያን ደግሞ ከአውሮፕላን በተሻለ የሚሠራው የለም።

ቆፍጣናው፦
ስለ ባትሪው ልክ ነህ። መደምደሚያህ ላይ ግን አልስማማም።

አውሮፕላን ውቅያኖስ ሙሉ አይጠብቅም። የት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ያስፈልገዋል። እንግሊዞች በ1941 የባሕር ኃይሉን ኢኒግማ ማንበብ ሲጀምሩ ኮንቮዮችን ከመንጋው ዞር እያደረጉ አሳለፉ። ያልተገኘ ኮንቮይ አይመታም። በየካቲት 1942 (በፈረንጆቹ) ጀርመኖች ለአትላንቲክ ዩ-ቦቶቻቸው አራተኛ ተሽከርካሪ ጎማ ያለው ማሽን አስገቡ። ለአሥር ወር ያህል ጨለማ ሆነ። ኪሳራው ሰማይ ነካ።

የተፈታው እንዴት ነው? ጥቅምት 30 ቀን 1942 ሜዲትራኒያን ላይ ዩ-559 እየሰመጠ ሳለ ፔታርድ ከተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሁለት ሰዎች ገቡበት፤ ቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዚየር። የኮድ መጻሕፍቱን አወጡ። ተመልሰው ሲገቡ መርከቡ ይዟቸው ሰመጠ። ወረቀቶቹን ሲቀባበላቸው የነበረው የካንቲን ረዳቱ ቶሚ ብራውን ተረፈ፤ ገና ልጅ ነበር። በታኅሣሥ ኮዱ እንደገና ተነበበ። ይህን «ጎዶሎ ታሪክ» ማለት ይከብደኛል።

ናፍጣና_ባትሪ፦
ጀግንነታቸውን ማንም አይክድም። ግን ቀኑን ልብ በል። ኮዱ ታኅሣሥ 1942 ተከፈተ። ድሉ መጣ? አልመጣም። በመጋቢት 1943 አጋማሽ ኤችኤክስ 229 እና ኤስሲ 122 የተባሉት ኮንቮዮች 22 መርከብ አጡ። ጀርመኖች ያጡት አንድ ዩ-ቦት ነው።

ሌላው የማይወራ ነገር፣ ጀርመኖችም የእንግሊዝን የኮንቮይ ኮድ ያነቡ ነበር፤ እስከ 1943 አጋማሽ ድረስ። ሁለቱም ወገን የሌላውን ደብዳቤ እየከፈተ ነው የተዋጋው።

ከመጋቢቱ ጥፋት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ኦኤንኤስ 5 የተባለ ኮንቮይ ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ። 13 መርከብ ሰመጠ፤ ግን 6 ዩ-ቦቶችም አብረው ሰመጡ። ትንሽ ቆይቶ ኤስሲ 130 አንድም መርከብ ሳያጣ አለፈ። በዚያው ሰሞን ከጠፉት ዩ-ቦቶች አንዱ ዩ-954 ነው፤ የዶኒትዝ ልጅ ፔተር ውስጡ ነበር። በግንቦት 1943 ብቻ ከ40 በላይ ዩ-ቦት ጠፋ። ግንቦት 24 ዶኒትዝ መርከቦቹን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣ።

በሁለት ወር ውስጥ የተቀየረው ኮዱ አይደለም። ሩቅ የሚበሩ ሊቤሬተር አውሮፕላኖች በበቂ ቁጥር መጡ። ኮንቮዩን የሚከተሉ ትናንሽ አውሮፕላን ተሸካሚዎች መጡ። እስከዚያ ድረስ የውቅያኖሱ መሃል ከየብስ የሚነሳ አውሮፕላን የማይደርስበት ክፍት ቦታ ነበር። መንጋው የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። እሱ ተዘጋ።

ሞገድ፦
ይቅርታ፣ የጀማሪ ጥያቄ ነው። ዩ-ቦቱ ሌሊት ከወጣ አውሮፕላኑ በጨለማ እንዴት ያየዋል?

ናፍጣና_ባትሪ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይ ራዳሩ አለ፣ ግን ኢላማው በጣም ሲቀርብ ምልክቱ ከባሕሩ ሞገድ ጋር ይቀላቀልና ይጠፋል። ልክ ቦምብ መጣል ሲኖርብህ ዕውር ትሆናለህ። በ1942 ሊ ላይት የሚባል ኃይለኛ የፍለጋ መብራት አውሮፕላኑ ላይ ገጠሙ። በራዳር ይጠጋሉ፣ መጨረሻ ላይ መብራቱን ቦግ ያደርጉታል። ባትሪ እየሞላ ተዝናንቶ የሚሄደው ሰርጓጅ ድንገት ቀን ይሆንበታል።

ጀርመኖች የራዳሩን ሞገድ የሚሰማ ሜቶክስ የሚባል መሣሪያ ሠሩ። ለጥቂት ወራት ረዳቸው። ከዚያ በ1940 በርሚንግሃም የተፈለሰፈው ማግኔትሮን (አጭር የራዳር ሞገድ የሚያመነጭ ቱቦ) ያመጣው የ10 ሴንቲ ሜትር ራዳር ወጣ። ሜቶክስ እሱን ጭራሽ አይሰማውም። አውሮፕላኑ እላያቸው እስኪደርስ ምንም አያውቁም።

ስሌት_ወዳድ፦
ሁለታችሁም ስለ ማሽን ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ሒሳብ ላውራ።

ፓትሪክ ብላኬት የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በኋላ ኖቤል ወስዷል። እሱና ባልደረቦቹ የአውሮፕላን ጥቃቶችን መዝገብ ይዘው ተቀመጡ። የጥልቀት ቦምቡ በ30 ሜትር ገደማ እንዲፈነዳ ነበር የሚሞላው። ምክንያቱ ደግሞ ስሜት ይሰጣል፤ ዩ-ቦቱ አውሮፕላን ሲያይ ይጠልቃል፣ ቦምቡ እስኪደርስ እዚያ ጥልቀት ላይ ነው። ሊቃውንቱ ግን ሌላ ነገር አዩ። ያን ያህል ጊዜ ካገኘ በየት በኩል እንደሄደ አታውቅም፤ ቦምቡ ባዶ ውኃ ነው የሚመታው። በእርግጠኝነት የምታገኘው አሁን ገና እየጠለቀ ያለውን ነው። እሱ ደግሞ ከላይ ነው። ጥልቀቱን ወደ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ዝቅ አደረጉት። ያው ቦምብ፣ ያው አውሮፕላን፤ ግን የሰመጡት ዩ-ቦቶች ቁጥር በጣም ጨመረ።

የአውሮፕላኖቹ ቀለምም እንዲሁ ነው። የሌሊት ቦምብ ጣዮች ስለነበሩ ሆዳቸው ጥቁር ነበር። በደመናማ የአትላንቲክ ሰማይ ላይ ጥቁር ነገር ከሩቅ ይታያል። ነጭ ቀቧቸው፤ ሳይታዩ ይበልጥ መጠጋት ቻሉ። ወጪው ጥቂት ጣሳ ቀለም ነው።

ሊቨርፑል ውስጥ ደግሞ ጊልበርት ሮበርትስ የሚመራው ቡድን ነበር። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ የባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል አባላት። ወለል ላይ መስመር አሥምረው፣ በጠመኔና በትናንሽ መርከቦች ውጊያውን ይጫወቱታል። ዩ-ቦት ከኮንቮዩ መሃል ሆኖ እንደሚተኩስ በጨዋታው አረጋገጡ። ከዚያ አጃቢዎቹ እንዴት እንደሚይዙት ስልት አወጡ፤ «ራስበሪ» አሉት። አድሚራል ማክስ ሆርተን ራሱ የድሮ ሰርጓጅ አዛዥ ነው። የዩ-ቦት ሚና ይዞ ተጫወተና በተደጋጋሚ ተሸነፈ። አሸናፊዋ ጃኔት ኦኬል የምትባል ወጣት ነበረች። ፊቱን ባየሁት!

የዳር_ታዛቢ፦
እናንተ ስለ ራዳርና ሒሳብ ስትከራከሩ ዩ-1206ን መጸዳጃ ቤት እንዳሰመጠው ረሳችሁ።

ሞገድ፦
ቀልድ ነው አይደል?

የዳር_ታዛቢ፦
የምሬን ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1945፣ ስኮትላንድ አጠገብ። መርከቡ ጥልቀት ላይ ሆኖም የሚሠራ አዲስ ዓይነት መጸዳጃ ነበረው። ቆሻሻውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ባሕር ይተፋል። አጠቃቀሙ ሥልጠና ይፈልጋል። ቫልቩ ተሳስቶ ተከፈተ፣ የባሕር ውኃ ገባ። ከመጸዳጃው ሥር ያለው ደግሞ ባትሪ ነው። የጨው ውኃ ከባትሪ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መውጣት ግድ ሆነ። ሲወጡ አውሮፕላን ጠበቃቸው። አዛዡ መርከቡን ራሱ አሰመጠው፤ አብዛኞቹ ተማረኩ። እንግዲህ ናፍጣና ባትሪ፣ ይህንንም ለአውሮፕላን ልታስቆጥር ነው?

ናፍጣና_ባትሪ፦
ግማሽ ነጥብ ስጠኝ።

ፔሪስኮፕ፦
ክሩን እስካሁን በዝምታ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ገረመኝ። ሁላችሁም አትላንቲክ ላይ ቀራችሁ። ሰርጓጅ ያሸነፈበት ጦርነት እኮ አለ፤ ፓሲፊክ።

የአሜሪካ ሰርጓጆች ከባሕር ኃይሉ የሰው ኃይል 2 በመቶ ያህል ናቸው። ከሰመጠው የጃፓን የንግድ መርከብ ግን ከግማሽ በላዩን ያሰመጡት እነሱ ናቸው። ጃፓን ደሴት ናት፤ ነዳጁም ብረቱም በመርከብ ነው የሚመጣው። በ1945 መግቢያ ላይ መርከቦቿ ቢኖሩም የሚያቃጥሉት ነዳጅ አልነበራቸውም። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ 52 ሰርጓጆችና ከ3,500 የሚበልጡ ሰዎች።

የሚገርመው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ናቸው። መሣሪያቸው አይሠራም ነበር! ማርክ 14 የሚባለው ቶርፒዶ (ውኃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) አንዱ 10,000 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበርና ከጦርነቱ በፊት በደንብ አልተሞከረም። ውድ ዕቃ አፈንድቶ መሞከር ብክነት መሰላቸው። ጦርነቱ መጣ። አዛዦች «ቶርፒዶው ከመርከቡ ሥር እያለፈ ነው» ብለው አመለከቱ። የቶርፒዶው መሥሪያ ቤት «አነጣጠራችሁ ነው ችግሩ» አላቸው። አድሚራል ቻርልስ ሎክውድ በሰኔ 1942 አውስትራሊያ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ መረብ ዘርግቶ ቶርፒዶ አስተኮሰበት። መረቡ የተቀደደበትን ቦታ ለካው። ከተሞላው ጥልቀት 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሄደው።

ያ ተስተካከለ። ቀጥሎ በመርከቡ ማግኔት እንዲፈነዳ የተሠራው ክፍል ከዒላማው ሳይደርስ ይፈነዳ ጀመር። እሱም በ1943 አጋማሽ ተዘጋ። ያኔ ሦስተኛው ጉድ ብቅ አለ። ሐምሌ 24 ቀን 1943 ቲኖሳ የተባለው ሰርጓጅ ቶናን ማሩ 3 የሚባል ትልቅ መርከብ አገኘ። መርከቡ ቆሟል። አዛዡ ዳን ዳስፒት ተረጋግቶ፣ በትክክለኛው ማዕዘን፣ እየደጋገመ ተኮሰ። ቶርፒዶዎቹ እየተጋጩ ዝም። በአጠቃላይ 15 ተኮሰና አንዱን ለማስረጃ ይዞ ተመለሰ።

ሃዋይ ውስጥ ገደል ላይ እየተኮሱ፣ ከክሬን ላይ ብረት ላይ እየጣሉ መረመሩት። ቶርፒዶው ዒላማውን ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ ሲመታ የማፈንጃው መርፌ በግጭቱ ይጣመምና አያፈነዳም። ሰያፍ ሲመታ ይሠራል። በሌላ አነጋገር፣ ጥሩ ያነጣጠረ ሰው ነበር የሚቀጣው። ንዴታቸውን አስቡት።

ጀርመኖችም ከዚህ አልዳኑም። በ1940 ኖርዌይ ላይ ቶርፒዶዎቻቸው እየከሸፉ አዛዦቹን አሳብደዋል። በመስከረም 1939 ዩ-39 ትልቁን አውሮፕላን ተሸካሚ አርክ ሮያልን ተኩሶ ቶርፒዶዎቹ ሳይደርሱ ፈነዱ። አጃቢዎቹ አገኙትና አሰመጡት። በጦርነቱ የጠፋ የመጀመሪያው ዩ-ቦት እሱ ነው።

ለክርክሩ ግን ይህን ልጨምር። ጃፓን መርከቦቿን በማዕከል የሚያጅብ ዕዝ ያቋቋመችው በኅዳር 1943 ነው። በቂ አጃቢ የለ፣ በቂ አውሮፕላን የለ። ያው መሣሪያ አንዱ ጋ ተሸነፈ፣ ሌላው ጋ አሸነፈ። ልዩነቱ ተከላካዩ ነው።

ቆፍጣናው፦
እዚያም ቢሆን አሜሪካኖች የጃፓንን የኮንቮይ ኮድ ያነቡ ነበር። ሰርጓጆቹ የት መጠበቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ኮድ ኮድ የምለው ለዚህ ነው።

ቅርብ ምሳሌ ልጨምር፤ ቀይ ባሕር። ጣሊያን ሰኔ 10 ቀን 1940 ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ 8 ሰርጓጆች ነበሯት። በሁለት ሳምንት ገደማ ግማሾቹ ጠፉ። «ማካሌ» የሚባለው ከአምስት ቀን በኋላ ፖርት ሱዳን አቅራቢያ ሪፍ (ውኃ ውስጥ ያለ ዐለት) ላይ ወጣ። ምክንያቱ ጠላት አይደለም። የአየር ማቀዝቀዣው ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ነበር የሚሠራው፤ ይፈስሳል፣ ሰዉ ይመረዛል፣ ይቃዣል። መስኮት መክፈት አይቻል ነገር! ያ ሁሉ ሙቀት ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ መኖርም አይቻልም።

ወደ ኮዱ ልምጣ። ሰኔ 19 ጋሊሊዮ ጋሊሌይ የተባለው የጣሊያን ሰርጓጅ ኤደን ወደብ አጠገብ ሙንስቶን ከተባለች አነስተኛ የታጠቀች መርከብ ጋር ውኃ ላይ ተታኩሶ ተማረከ። አዛዡ ተገድሏል። ውስጡ የተገኙት ሰነዶች የሌሎቹን ቦታ ጠቆሙ። በቀናት ውስጥ ጋልቫኒና ቶሪቼሊ የተባሉት ሰርጓጆችም ሰመጡ። ወረቀት ነው የበላቸው፤ አውሮፕላን አይደለም።

ናፍጣና_ባትሪ፦
ይህችን ወሰድክ። የቀሩት አራቱ ግን ምጽዋ ከመያዟ በፊት በመጋቢት 1941 ወጥተው፣ አፍሪካን ዞረው፣ በመንገድ ከጀርመን መርከቦች ነዳጅ እየተቀበሉ በግንቦት ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ገቡ። ከመካከላቸው ፔርላ ትንሿ ናት። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። እንደ መርከበኛ ሳስበው ከማንኛውም ጥቃት ይልቅ ይህ ይደንቀኛል።

ሞገድ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ ሰመጡት ንግድ መርከቦች ሰዎች ማንም አላወራም። ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነበር?

ፔሪስኮፕ፦
በወረቀት ላይ አልነበረም። ደንቡ መርከቡን አስቁመህ፣ ሰዎቹን ደኅና ቦታ አድርሰህ ነው ማስመጥ የምትችለው ይላል። ለሰርጓጅ ይህ ራስን ማጥፋት ነው፤ ቀፎው ስስ ነው፣ ውስጡም ለተጨማሪ ሰው ቦታ የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ዩ-20 የእንግሊዝን የመንገደኞች መርከብ ሉሲታኒያን ያለ ማስጠንቀቂያ መታ፤ በ18 ደቂቃ ሰመጠች፣ ወደ 1,200 ሰው አለቀ። በየካቲት 1917 ጀርመን ገደቡን ጭራሽ አነሳች። በሚያዝያ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በሁለተኛው ጦርነት ላኮኒያ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ነው። መስከረም 12 ቀን 1942 የዩ-156 አዛዥ ቨርነር ሃርተንሽታይን ላኮኒያን ካሰመጠ በኋላ ውኃው ላይ የጣሊያንኛ ጩኸት ሰማ። መርከቡ ወደ 1,800 የሚሆኑ የጣሊያን ምርኮኞች ጭኖ ነበር። ማዳን ጀመረ። በግልጽ እንግሊዝኛ በሬዲዮ «ለመርዳት የሚመጣን አልነካም» አለ። የጀልባ ሰንሰለት እየጎተተ፣ የቀይ መስቀል ባንዲራ ዘርግቶ ሳለ የአሜሪካ ሊቤሬተር መጥቶ ቦምብ ጣለበት። ከዚያ በኋላ ዶኒትዝ የተረፉትን መርዳት የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ።

ትእዛዙ ከጦርነቱ በኋላ ኑረምበርግ ላይ፣ በናዚ መሪዎች የጦር ወንጀል ችሎት፣ ቀረበበት። ተከላካዩ የአሜሪካውን አድሚራል ኒሚትዝ የጽሑፍ ቃል አመጣ። ኒሚትዝ እኛም ፓሲፊክ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ገደብ ነው የተዋጋነው አለ። ዶኒትዝ በሌሎች ክሶች 10 ዓመት ተፈረደበት፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን የሰርጓጅ ውጊያ ሕግን በመጣስ ላይ አልመሠረተም። ሕጉን ሁሉም ጥሶታል፤ እንግዲህ ማን ማንን ይከሳል?

የዳር_ታዛቢ፦
ከባድ ሆነ። ሌላ ጥያቄ፦ ሰርጓጅ ሰርጓጅን ውኃ ውስጥ አስምጦ ያውቃል?

ስሌት_ወዳድ፦
ሁለቱም ጠልቀው ሳሉ የሆነው አንዴ ነው። የካቲት 9 ቀን 1945፣ ኖርዌይ አጠገብ። እንግሊዛዊው ቬንቸረር ዩ-864ን በድምፅ አገኘው። ዩ-ቦቱ ለጃፓን የጄት ዕቃዎችና 67 ቶን ያህል ሜርኩሪ ጭኗል፤ ሞተሩ እየተንኳኳ ነበር። አዛዡ ጂሚ ላንደርስ ለሰዓታት ተከተለው። ያኔ የነበረው የማነጣጠሪያ መሣሪያ የጠላትን ጥልቀት አያሰላም። እሱ ዚግዛጉን እየመዘገበ በጭንቅላቱና በወረቀት አሰላው። አራት ቶርፒዶ በተለያየ ጥልቀት ለቀቀ። ዩ-ቦቱ ሦስቱን እየሸሸ አራተኛው ላይ ገባ። ውስጡ የነበሩት 73ቱም ሞቱ።

ሞገድ፦
የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቃሌ ነው። ዓይነት 21 የሚባለው አዲሱ የጀርመን ሰርጓጅ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢደርስስ? ውኃ ውስጥ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ሲባል አንብቤያለሁ።

ናፍጣና_ባትሪ፦
ፍጥነቱ እውነት ነው። ባትሪውን አብዝተው ቅርጹን አለሰለሱት። በመጀመሪያ የተሠራ እውነተኛ ሰርጓጅ ብትለው አልከራከርህም። ግን በስምንት ቁራጭ በተለያየ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ቁራጮቹ ሲመጡ ልክ አይገጥሙም። 118 ተሠርተው ለውጊያ የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ዕቃው ቢደርስስ ሰው ከየት ይመጣል? ከ40,000 ገደማ የዩ-ቦት ሰዎች ወደ 30,000ው አልቀዋል። ልምድ ያለው አዛዥ በፋብሪካ አይሠራም። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖችም ሶቪየቶችም ቀዱት። ፕሬዚዳንት ትሩማን ራሱ በ1946 በተማረከው ዩ-2513 ገብቶ ጠልቋል።

ቆፍጣናው፦
እንግዲህ አንድ ነገር ላይ ተስማማን ማለት ነው። ገብቶ ማየት ለሚፈልግ ልጨምር። ዓይነት 21 ጀርመን፣ ብሬመርሃፈን ውስጥ ዩ-2540 አለ። ከዓይነት 7 የቀረው አንድ ነው፤ ኪል አጠገብ ላቦ የባሕር ዳርቻ ላይ የቆመው ዩ-995። ዩ-505 ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ ነው። አሜሪካኖች ሰኔ 4 ቀን 1944 ባሕር ላይ ከነነፍሱ የማረኩት ነው፤ ከነኮድ መጽሐፉ። ናፍጣና ባትሪ፣ ይህችን ልብ በልልኝ።

ናፍጣና_ባትሪ፦
ልብ ብያለሁ። ያገኙት ግን ከአውሮፕላን ተሸካሚ በተነሱ አውሮፕላኖች እየታገዙ ነው።